እረፍት ነው ወይስ ዘመድ ጥየቃ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 5። ያለፈው ዓመት በሥራም በቤትም ከብዶኝ ነው ያለፈው። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን፣ ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለ3 ሳምንት አርቪ ልንከራይ ወሰንን። አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለውን ትልቁን መኪና ማለቴ ነው። ሐሳቡ የኔ ነበር። ሐይቅ ዳር ማደር፣ ጫካ ውስጥ መንቃት፣ ማንም ሳይጠራኝ መጽሐፍ ማንበብ። የፈለግኩት ይኸው ነበር።

ባለቤቴ ወሬውን የቤተሰብ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ አላርፍ አለ። "በኛ በኩል ሳታልፉማ አትሄዱም!" "ልጆቹን ሳናያቸው!" እሱም ለሁሉም "እሺ፣ እንመጣለን" ይላል። ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል፤ ስልክ ባነሳ ቁጥር ከታች አንድ ስም ይጨመራል። አሁን 11 ቤት ደርሷል። 9ኙ በእሱ በኩል ናቸው። የኔ 2 ብቻ ናቸው፣ ወንድሜና የድሮ ጓደኛዬ፤ እነሱም ከሁሉም በታች ነው የተጻፉት። ታላቅ እህቱ ጋ 3 ሌሊት፣ አጎቱ ጋ 3፣ አብሮ አደጉ ጋ 2፣ ሌሎቹ ጋ አንድ አንድ። ስደምረው 16 ሌሊት ሆነ።

ይባስ ብሎ እኛ የምናድረው መኪናው ውስጥ ነው ስላት ታላቅ እህቱ ተቀየመች። "ቤት እያለኝ ደጄ ላይ መኪና ውስጥ የምታድሩት ምን ብበድላችሁ ነው?" አለችኝ። ልጄ ደግሞ "ታዲያ መኪናውን ለምን ተከራየነው?" ትላለች። ለሁለቱም መልስ የለኝም።

ባለቤቴን ደፍሬ የማልናገረው ያለምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ያሳደጉት አክስቱ አረፉ። "እንሄዳለን፣ እንሄዳለን" ስንል ዓመታት አልፈው ነበር። ቀብሩ ላይ አንድ ዘመድ ሰው እየሰማ "ለለቅሶ ጊዜ ተገኘ" አለው። ከዚያ ወዲህ የዘመድ ነገር ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። እኔ "በዛብን" ብለው ዘመዶቹን የጠላሁበት ነው የሚመስለው።

እውነቱን ለመናገር ደግ ሰዎች ናቸው። ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ በየቤቱ ሳህን ሳጥብ፣ ልጅ ስቆጣ፣ ደክሞኝ ስስቅ ነው። አንድ ነገር አስቤያለሁ። "አከራዩ 2 ሳምንት ብቻ ነው የፈቀደልን" ብዬ ዝርዝሩን ላሳጥረው? ነውር ይሆን? ወይስ ራስ ወዳድ ሆኜ ነው?

ዝርዝሩ ያደከማት

ውድ "ዝርዝሩ ያደከማት"፣

ራስ ወዳድ አይደለሽም። የዓመት ድካምሽን ልታራግፊበት ያሰብሽው ጉዞ ዓይንሽ እያየ ሌላ ጉዞ ሆነብሽ። ማንም ይከፋዋል። የሚያስቸግረው ባለቤትሽም አለመሳሳቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም ሲጨምር ያቺ የቀብሩ ቀን ቃል ጆሮው ውስጥ የምታቃጭል ይመስለኛል። እንዲህ የተባለ ሰው "ኑ" ሲባል "እሺ" ከማለት ሌላ ቃል አይመጣለትም።

ስለዚህ ወሬውን ከሌሊት ቁጥር አትጀምሪው። "16 በዛ፣ 6 ይብቃ" ስትዪው እሱ የሚሰማው "ዘመዶችህን ተዋቸው" ነው። መጀመሪያ ስለ አክስቱ አውሩ። እስካሁን በደንብ አውርታችሁበታል? ለመጨረሻ ጊዜ ሲያያቸው ምን እንዳሉት፣ ምን እንደቆጨው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ካልጠየቅሽው አሁን ጠይቂው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ። ምክር አትስጪው፣ ዝም ብለሽ ስሚው። ዝርዝሩ በዚያ ምሽት ባይነሳም ግድ የለም።

በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሱና አብራችሁ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ቅረቢ፦ "ከእነዚህ ውስጥ ሳታየው ብንቀር የሚቆጭህ ማንን ነው?" መልሱ 11 ሰው አይሆንም። ያረጀ ይኖራል፣ የታመመ ይኖራል፣ ለብዙ ዓመት ያልታየ ይኖራል። በየዓመቱ እናንተ ቤት የሚመጣ ዘመድም መኖሩ አይቀርም፤ እሱን ደጁ ድረስ ሄዶ ማየት ዘንድሮ ሊቀር ይችላል። የአፍ ግብዣም አለ። "ኑ እንጂ!" ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ "አሁን በእርግጥ ከመጡ የት ነው የማስተኛቸው?" የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲያው "ዘንድሮ ሳናድር እናልፋለን" ብትሉት በሆዱ ተመስገን ይላል። ይህን ለባለቤትሽ ስትነግሪው ግን በቀልድ ንገሪው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ከድምርሽ የቀረ ነገር አለ። 3 ሳምንት 21 ሌሊት ነው። መኪናውን የምትረከቡበት ቀን ቶሎ አትነሱም። አከራዩ ጋዙን፣ ውሃውን፣ ጀነሬተሩን አንድ በአንድ ያሳያችኋል፤ ከዚያ ዕቃ መጫን አለ። የምትመልሱበት ቀን ዋዜማም የጽዳት ነው። ማታ የፍሳሽ ታንክ ይራገፋል፣ ወለል ይጠረጋል፣ ነዳጅ ይሞላል። ከ21ዱ 2ቱ እንዲህ ሄዱ። ከ16ቱ ጋር 18። የሐይቅ ዳር ጉዞ ያልሽው 3 ሌሊት ሆኖ ቀረ። እነሱም ቢሆኑ ከከተማ ከተማ ስትሮጡ መንገድ ላይ የሚያልቁ ናቸው።

መንገዱም እንደምታስቡት አይደለም። ስልካችሁ "4 ሰዓት" የሚላችሁን እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና በ4 ሰዓት አይጨርሰውም። ዳገት ላይ ይለግማል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ነዳጅ ለመቅዳትና ለማዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከ5 ዓመት ልጅ ጋር ሲሆን 5 ሰዓት ተኩልም ላይበቃ ይችላል። በእኔ ግምት በቀን 300 ኪሎ ሜትር ደህና ቁጥር ነው። ከነዱ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሌሊት አንድ ቦታ ማረፍ ያስፈልጋል። ከባለቤትሽ ጋር ካርታውን ከፍታችሁ በዚህ ልክ ለኩት። የሚበዛው ቤት በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ "ይቅር" ያልሽውም አንቺ አትሆኚም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ወረቀቱን እንደገና ስትጽፉ ከሰዎቹ ስም አትጀምሩ። መጀመሪያ የእናንተን ሌሊቶች ጻፉ። 8 ይሁኑ 9፣ ቁጥሩን አብራችሁ ወስኑ። የትኛው ሐይቅ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በእስክሪብቶ ይጻፍ። የካምፕ ቦታውን ያኔውኑ ያዙ፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ደህና ደህናው ቦታ ቀድሞ ያልቃል። ቀብድ የተከፈለበት ሌሊት ደግሞ በስልክ ግብዣ በቀላሉ አይነቃነቅም።

ከዚያ የሚቀረውን ለዘመድ አከፋፍሉ። እዚህ ላይ መኪናው ራሱ ይጠቅማችኋል። ሁልጊዜ እንግዳ የምትሆኑት እናንተ ለምንድነው? ቤት ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። አንድ አካባቢ ሦስት አራት ቤት ዘመድ ካለ፣ አጠገቡ ካለ ካምፕ ቦታ 2 ሌሊት ያዙና ጥሯቸው። "ቅዳሜ ቀን ውሃው ዳር ነን፣ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ" በሏቸው። ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ አብረው ይራገጣሉ፣ ሲመሽ ወደየቤቱ ይሄዳል። አንቺም የሰው ኩሽና ውስጥ አልቆምሽም። ከመጋበዛችሁ በፊት የካምፑን ደንብ ጠይቁ። ብዙ ቦታ የቀን እንግዳ ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ማታም ድምፅ የሚከለከልበት ሰዓት አለ። መንገድ ላይ የሚገኘውን ደግሞ መናፈሻ ቀጥራችሁ ምሳ አብራችሁ ብሉ። ሁለት ሰዓት በደንብ ማውራት፣ ደክሞ መጥቶ ሶፋ ላይ እያንቀላፉ ከማደር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ታላቅ እህቱ ልምጣ። "ምን ብበድላችሁ ነው?" ማለቷን እንደ ቁጣ አትውሰጂው፤ ያዘነች ሰው ንግግር ነው። አልጋ አንጥፋ የምትጠብቅ ሰው ደጇ ላይ በሩን ዘግቶ የሚያድር እንግዳ ሲመጣባት "ቤቴን ናቁት" ብትል አይፈረድባትም። ግን ለምን አንቺ ነሽ የነገርሻት? እህቱ ናት። ከእሱ አፍ ስትሰማው ሌላ ነው፣ ከአንቺ ስትሰማው ሌላ። የወንድሟ ሚስት ስትነግራት "አስተሳሰቡ የእሷ ነው" ማለቷ አይቀርም፤ እሱ ሲነግራት ግን የወንድሟ ምርጫ ነው። ስለዚህ ይህን ወሬ ለእሱ መልሺለት። "እትዬ፣ ልጆቹ መኪናው ውስጥ ማደሩን በጉጉት ነው የሚጠብቁት፤ ማታ ማታ እዚያ እንተኛለን፣ ቀኑን ግን ያንቺው ነን" ይበላት። እውነትም ነው። በምትኩ ለእሷ የሚሆን ነገር ስጧት። ቁርስ በእሷ ቤት ይሁን። አንድ ሌሊት ልጆቹ ከአክስታቸው ልጆች ጋር ውስጥ ይተኙ፣ እናንተ ሁለታችሁ ብቻችሁን መኪናው ውስጥ እደሩ። ይኼኛውን ባለቤትሽም የሚጠላው አይመስለኝም።

ደጇ ላይ ለማደር ስትወስኑ ግን ቀድማችሁ የምትጠይቋት ነገር አለ። መኪናው ከፍታው 3 ሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንዱም ያልፋል። በሩ ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ ካለ አይገባም። ቦታው ዘንበል ያለ ከሆነ ፊትና ኋላው እኩል እስኪሆን ጎማው ሥር ማስተካከያ ማድረግ ይኖርባችኋል። አልጋው ላይ ተንሸራታችሁ እንዳታድሩ ብቻ አይደለም፤ በጋዝ የሚሠራው የመኪና ፍሪጅ ዘንበል ብሎ ሲቆም በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ሊበላሽም ይችላል። መንገድ ዳር ትልቅ መኪና አቁሞ ማደር የሚከለከልበት ሰፈርም ብዙ ነው። እህቱ ከጎረቤት ወይም ከሰፈሩ አስተዳደር ትጠይቅላችሁ። የሚያጣራላችሁን ሥራ ስትሰጧት ደግሞ የጉዞው ባለቤት ትሆናለች። እመኚኝ፣ ኩርፊያዋን ግማሹን የሚያነሳው ይህ ነው።

ከቤቷ ሶኬት ገመድ ስባችሁ መብራትና ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል። ኤሲውን ግን በቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽን አታብሩት፣ ገመዱ ይግላል። "ጀነሬተሩን እናበራለን" የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እምቢ በሉ። ለጎረቤት ድምፁ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተኙበት ይገድላል። መኪናው ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖሩንና መሥራቱን ስትረከቡ አረጋግጡ። የሽንት ቤቱ ታንክ በዘመድ ግቢ ቱቦ ውስጥ እንደማይደፋ መቼም ታውቃላችሁ፤ ለዚያ የተሠራ ማራገፊያ ጣቢያ አለ። 4 ሰው በየቀኑ ከታጠበ የመታጠቢያው ፍሳሽ ታንክ በ2 ወይም በ3 ቀን ይሞላል። ስለዚህ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ደጅ ላይ መቆሙ በራሱ አይመችም። 3ቱ ሌሊት 2 ሲሆን ምክንያታችሁ ይህ ነው።

ይህ ወዳሰብሽው ውሸት ይወስደኛል። "አከራዩ 2 ሳምንት ብቻ ፈቀደልን" አትበዪ። ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም። አያዛልቅም። የ12 ዓመት ልጅ አለችሽ። አንዱ አጎት "እረፍት እንዴት ነበር?" ሲላት "3 ሳምንት ሙሉ መኪና ውስጥ ነበርን" ትለዋለች፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ እውነት ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም። መጀመሪያ የሚያፍረው ባለቤትሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰው ፊት ማሳፈር ለዘንድሮ ይብቃው። መዋሸትም አያስፈልግሽም። መንገዱ ረጅም ነው፣ መኪናው ቀርፋፋ ነው፣ ልጁ 5 ዓመቱ ነው፣ አንቺ ደክሞሻል። አራቱም እውነት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለመናገር የከበደሽ የመጨረሻው ነው አይደል? ለባለቤትሽ "ዘመድ በዛ" ከማለት በፊት "ደክሞኛል" ብለሽዋል? ከደብዳቤሽ ሲገባኝ አላልሽውም። እሱ የሚያውቀው ሐሳቡን ያመጣሽው አንቺ መሆንሽን ነው። ምን ሸሽተሽ እንዳመጣሽው ላያውቅ ይችላል።

የሳህኑን ነገርም በስሙ ጥሪው። "በአንተ ዘመዶች ቤት ስንሆን ልጆቹን አንተ ያዝልኝ፣ ቁርሱ ላይም እጅህን አስገባ" በዪው። እሱ ነድቶ ደክሞት ይገባል፣ ገባኝ። አንቺም የ5 ዓመት ልጅ ስታባብዪ ነው የዋልሽው። መንዳቱንም ብትፈራረቁ ጥሩ ነው፣ የኪራይ ውሉ ላይ ስምሽ በሹፌርነት ከተመዘገበ። ካልተመዘገበ ኢንሹራንሱ አይሸፍንሽም። ወንድምሽና ጓደኛሽ ከታች መጻፋቸውን ማንሳትሽ ዝም ብሎ አልመሰለኝም። ወረቀቱ ሲታደስ ከመሀል ይግቡ። ጓደኛሽ ቤት ደግሞ አንድ ከሰዓት ብቻሽን ሂጂ።

ይህን ሁሉ ብለሽው እሱ "የለም፣ 11ዱንም" ቢልስ? ይሆናል። ያኔ ቀሪውን ጉዞ ለሁለት ክፈሉት። መኪናው ካምፕ ላይ ቆሞ እሱና ትልቋ ልጅ በአንዳንድ ቀን ትንሽ መኪና ተከራይተው ወይም አንድ ዘመድ መጥቶ ወስዷቸው ይዋሉ፤ አንቺና ትንሹ ውሃ ዳር ቅሩ። በየቀኑ እንዲህ ይሁን አልልም፣ ቤተሰብ አብሮ መታየቱ ለእሱ ትርጉም አለው። ግን ሁለት ሦስት ቀን ማንንም አይጎዳም። ወይም ደግሞ ዘንድሮ ዘመድ ጥየቃ ነው ብላችሁ ተስማሙና አርቪውን ሰርዙ። በቤት መኪናችሁ ሂዱ፣ ነዳጁም በግማሽ ሊቀንስላችሁ ይችላል፤ ሐይቁ ለብቻው ሌላ ጊዜ ይያዝ። እኔ ይህን አልመርጥም፣ አንቺም የምትመርጪው አይመስለኝም፤ ግን ገንዘቡን አውጥቶ ሁለቱንም ከማጣት ይሻላል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። በየቤቱ "እስከሚቀጥለው ከተማ አብረን እንሂድ" የሚል የዘመድ ልጅ አይጠፋም። አልጋው ላይ ተቀምጦ መሄድ ያጓጓል። መኪናው የሚጭነው ግን ቀበቶ ባለው መቀመጫ ልክ ነው። እየሄደ ሳለ አልጋ ላይ ማንም አይተኛም፣ የናንተም ልጆች ቢሆኑ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ተስማሙ፣ ምክንያቱም ደጅ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ፊት "እሺ" ማለት ለእሱ ቀላል ነው።

ሁሉም ሲወሰን ግሩፑ ላይ አንድ አጭር መልእክት ይለጠፍ፣ በባለቤትሽ ስም። እንዲህ ቢሆን፦ "ውድ ቤተሰቦች፣ እንደምንመጣ ስትሰሙ ባሳያችሁን ፍቅር ደስ ብሎናል። መኪናው ትልቅ፣ መንገዱም ረጅም ስለሆነ ሁሉም ቤት ማደር አልቻልንም። በእነዚህ ቀኖች በእነዚህ ቦታዎች እንገኛለን፤ እናንተም ወደኛ ኑልን።" ቀኑን ጻፉ፣ ሰዓቱን ግን አትጻፉ፤ መንገድ ላይ ሰዓት አይታመንም። ከዚያ በፊት ግን እህቱጋ ይደወል፣ በዚህ ሳምንት። እሷ ነገሩን ከግሩፑ ላይ አንብባ ካወቀችው፣ ቁርሱም ሆነ የልጆቹ አዳር አይመልሳትም።